ብርሃን ከጎን ሲመጣ

እንግሊዛዊው የአርኪዮሎጂ ሊቅ ሪቻርድ አትኪንሰን እ.ኤ.አ. ጁላይ 10 ቀን 1953 በእንግሊዝ ጥንታዊ የድንጋይ ክብ በስቶንሄንጅ የተገኘው አዲስ ነገር ሊፈልግ አልነበረም። በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አንድ ሰው ስሙን የቀረጸበትን ድንጋይ ፎቶ ሊያነሣ ነው የሄደው። ድንጋዩ በባለሙያዎች አቆጣጠር ቁጥር 53 ነው። ጽሑፉ ጥልቀት ስለሌለው በቀትር በወጉ አይለይም፤ ስለዚህ አትኪንሰን ፀሐይ እስክታዘቀዝቅና ጥላ እስኪወጣ ጠበቀ። ሰዓቱ ደርሶ በካሜራው ሲመለከት ከጽሑፉ አጠገብ የጩቤ ቅርጽ ታየው። ጩቤው ብቻውን አልነበረም፤ የመጥረቢያ ስለቶችም ተቀርጸው ነበር።

ያን ድንጋይ ለብዙ መቶ ዓመታት ያላየው ሰው አልነበረም። ሠዓሊዎች ስለውታል፣ መሐንዲሶች ለክተውታል፣ ቤተሰብ ከሥሩ ተቀምጦ ምሳ በልቷል። ጩቤው ከ3,500 ዓመት ላላነሰ ጊዜ እዚያው ነበር። አጠገቡ ስሙን የቀረጸው ሰው እንኳ እጁ ሊነካው ምንም ያህል አልቀረውም። ከአትኪንሰን በፊት ግን ስለዚህ ጩቤ የጻፈ ሰው አልተገኘም።

ጥንታዊ ትክል ድንጋይና መቃብር ፎቶ ማንሣት የሚፈልግ ሰው ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ ካሜራ ነው። እኔ ግን ስለ ፀሐይ እንዲጠይቅ እመክራለሁ። ዓይናችን በድንጋይ ላይ ያለን ጭረት የሚለየው በጥላው ነው። ብርሃኑ ከፊት ለፊት ሲመጣ ጥላ የለም፤ ቅርጹም ከድንጋዩ ጋር ይመሳሰላል። ብርሃኑ የድንጋዩን ፊት ታክኮ ሲያልፍ ግን ትንሿ እብጠት ረጅም ጥላ ትጥላለች። ሒሳቡ ቀላል ነው። ግማሽ ሴንቲ ሜትር ከፍ ያለ ጠርዝ ብርሃኑ በ45 ዲግሪ ሲያርፍበት የሚጥለው ጥላ ግማሽ ሴንቲ ሜትር ነው። ብርሃኑ ወደ 10 ዲግሪ ሲወርድ ጥላው ወደ 3 ሴንቲ ሜትር ይጠጋል። ኩራዝ ከግድግዳ ጥግ ሲቀመጥ የምርጊቱ የጣት ፈለግ ሁሉ እንደሚቆጠር ማለት ነው።

ይህን ለመሞከር ለአዲስ አበባ ሰው ከጥያ የተሻለ ቦታ አላውቅም። በቡታጅራ መንገድ በመልካ ቁንጥሬ በኩል አልፎ ከዋና ከተማዋ 90 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሄዱ ሶዶ ውስጥ ይገኛል። በአካባቢው 160 ያህል ጥንታዊ የትክል ድንጋይ ቦታዎች ተመዝግበዋል፤ ከሁሉ የታወቀው ጥያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1980 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ገብቷል። በግቢው ውስጥ 36 ድንጋዮች ሲኖሩ 32ቱ የተቀረጹ ናቸው። የአካባቢው ሰው «የግራኝ ድንጋይ» ይላቸዋል፤ ነገር ግን ከ10ኛው እስከ 15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ባለው ጊዜ ውስጥ የቆሙ እንደሆኑ ስለሚታመን ከኢማም አሕመድ ዘመን ይቀድማሉ።

በድንጋዮቹ ላይ ከሁሉ ይልቅ ጎልቶ የሚታየው ሰይፍ ነው። አንዱ ድንጋይ ጥቂት ሰይፎች አሉት፣ ሌላው ከላይ እስከ ታች ተደርድሮበታል። ከሰይፉ በታች ወይም ጎን ክብ ቅርጾች፣ ሦስት ማዕዘኖች፣ ቅጠል ያለው ተክል የሚመስል ምልክትም ይታያል። ሰይፎቹ የሟቹን የጀግንነት ታሪክ ይቆጥራሉ የሚሉ አሉ። ይህ ግምት ነው። ምልክቶቹን የሚፈታልን ጽሑፍ የቀረጿቸው ሰዎች አልተዉልንም። የተረጋገጠው ድንጋዮቹ የመቃብር ምልክት መሆናቸው ነው። በፈረንሳዊው ሮዤ ዡሶም የሚመራው ቡድን ባደረገው ቁፋሮ ከሥራቸው የሰው አጽም ወጥቷል፤ ሟቾቹ ጉልበታቸው ታጥፎ በጎናቸው የተቀበሩ፣ ብዙዎቹም በወጣትነት ያለፉ ነበሩ።

አሁን ካሜራ ይዘን ግቢው ውስጥ እንቁም። የፎቶ መጻሕፍት ሁሉ «ጧት ወይም አመሻሽ ላይ አንሡ፣ ቀትርን ሽሹ» ይላሉ። ይህ ምክር የተጻፈው ፀሐይ ዝቅ ብላ በምትዞርበት ሰሜናዊ አገር ነው፤ ለጥያ ግማሹ ብቻ ይሠራል። በስቶንሄንጅ በዓመቱ አጭር ቀን፣ በዲሴምበር 21 አካባቢ፣ ፀሐይ በቀትር እንኳ ከአድማስ በላይ የምትወጣው 15 ዲግሪ ያህል ብቻ ነው። እዚያ ያለ ፎቶ አንሺ ደመና ካልከለከለው ቀኑን ሙሉ ረጅም ጥላ አለው። በጥያ ግን ፀሐይ ቀጥ ብላ ነው የምትወጣው፤ 15 ዲግሪውን ለመጨረስ ከአንድ ሰዓት ብዙም አይፈጅባትም። ንጋት ላይ ቁርስ ሲበሉ ከቆዩ ያ ሰዓት አለፈ ማለት ነው።

ሌላው ግማሽ ደግሞ ይበልጥ የሚገርም ነው። ትክል ድንጋይ ቆሞ ያለ ነገር ነው። ለመሬት ዝቅ ያለ ብርሃን ለቆመ ፊት ፊት ለፊት ሊሆንበት ይችላል። ቅርጹ ወደ ምሥራቅ የዞረ ድንጋይ ብንወስድ የንጋት ፀሐይ ዓይኑ ላይ ትበራለች፤ ቀለሙ ወርቅ ይመስላል፣ ሰይፉ ግን ይጠፋል። ብዙ ሰው ያን ጊዜ አንሥቶ ደስ ብሎት ይሄዳል። ያው ድንጋይ ሰይፉን የሚያወጣው ፀሐይ ወደ አናቱ ስትጠጋ፣ ከ5 ሰዓት በኋላ እስከ 6 ሰዓት ነው። ያኔ ብርሃኑ ከላይ ወደ ታች ፊቱን ታክኮ ይወርዳል። ወደ ምዕራብ የዞረው ደግሞ ከ6 ሰዓት እስከ 7 ሰዓት ድረስ ተራውን ያገኛል። «ክፉ ሰዓት» የተባለው ቀትር ለእነዚህ ድንጋዮች ዋናው ሰዓት ነው።

ወደ ደቡብና ወደ ሰሜን የዞሩት ከወሩ ጋር ይለዋወጣሉ። በኅዳርና በታኅሣሥ ፀሐይ የምትዞረው በደቡብ በኩል ስለሆነ ወደ ደቡብ ያለ ፊት ጧትና ወደ ማታ ከጎን ብርሃን ያገኛል፤ ወደ ሰሜን ያለው ቀኑን ሙሉ ጥላ ውስጥ ነው። በሰኔ ነገሩ ይገለበጣል፤ የቀትር ፀሐይ በአናታችን ላይ አልፋ ወደ ሰሜን ታጋድላለች። ሰኔ ግን የክረምት መግቢያ ስለሆነ ደመናው ዕድሉን ያጠበዋል። ስለዚህ ጥያን በአንድ ጉብኝት «አንሥቼ ጨረስኩ» የሚል ሰው የድንጋዮቹን ግማሽ ገና አላያቸውም ብል ማጋነን አይሆንም። ለአንድ ቀን ብቻ የሚሄድ ሰው መጀመሪያ ካሜራውን ሳያወጣ ግቢውን ይዙር፤ የእያንዳንዱ ድንጋይ የተቀረጸ ፊት ወደየት እንደሚመለከት በወረቀት ይጻፍ። የስልክ ኮምፓስ ለዚህ ይበቃል። ከዚያ በኋላ ቀኑን በድንጋዮቹ መካከል ማከፋፈል ነው። ለወደቁና ለተጋደሙ ድንጋዮች፣ እንዲሁም ለመሬቱ እብጠትና ጉድጓድ፣ የንጋቱንና የአመሻሹን ሰዓት ይተዉላቸው፤ አግድም ለተኛ ነገር የድሮው ምክር ልክ ነው።

ብርሃንን ከድንጋይ ጋር የማገናኘት ሐሳብ የፎቶ አንሺዎች ፈጠራ እንዳልሆነ የሚያሳይ አንድ መቃብር አየርላንድ ውስጥ አለ። ኒውግሬንጅ ይባላል። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3200 ገደማ የተሠራ ትልቅ ክብ ጉብታ ነው፤ ከጊዛ ፒራሚዶች 600 ዓመት ያህል ይበልጣል። ከመግቢያው ወደ ውስጥ 19 ሜትር ያህል የሚሄድ በድንጋይ የተገነባ ጠባብ መተላለፊያ አለው፤ መጨረሻው መስቀለኛ ክፍል ነው። እዚያ የተቃጠለና ያልተቃጠለ የሰው አጥንት ተገኝቷል።

እ.ኤ.አ. ከ1962 እስከ 1975 ቁፋሮውን የመሩት ፕሮፌሰር ማይክል ኦኬሊ ነበሩ። ከመግቢያው በላይ የመስኮት ዓይነት ቀዳዳ ያለው የድንጋይ ሳጥን አገኙ። በር እያለ መስኮት ለምን አስፈለገ? የአካባቢው ሰዎች ፀሐይ በሆነ ቀን እስከ ውስጠኛው ክፍል ትገባለች ሲሉ ሰምተው ነበርና እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 21 ቀን 1967 ጧት ገብተው በጨለማው ጠበቁ። በእኛ አቆጣጠር 3 ሰዓት ገደማ ቀጭን ጨረር በሳጥኑ በኩል ገባ፤ መተላለፊያውን ተከትሎ እስከ ክፍሉ ወለል ደረሰ፤ እየሰፋም ሄዶ ክፍሉን አበራው። ከ17 ደቂቃ በኋላ ተቋረጠ። የመቃብሩ ሠሪዎች ጉብታውን ያቀኑት የዓመቱ አጭር ቀን ፀሐይ ወደምትወጣበት ነበር። ብረት ያልነበራቸው፣ ጽሑፍ ያልነበራቸው ገበሬዎች ብርሃን ሙታኖቻቸው ዘንድ በየዓመቱ የሚደርስበትን መንገድ በድንጋይ ሠርተው ትተዋል። ይህን ሳስብ ሁልጊዜ እደነቃለሁ።

ዛሬ ያን ጧት ውስጥ ገብቶ ለማየት ዕጣ ይወጣል፤ ከሚያመለክቱት ውስጥ የሚገቡት በጣም ጥቂት ናቸው። በሌላ ጊዜ የሚገባ ጎብኚ በኤሌክትሪክ መብራት የጨረሩን አመጣጥ ያያል። ውስጥ ፎቶ ማንሣት ክልክል ነው። ክልከላው ያስቆጫል፤ ሆኖም ትክክል ይመስለኛል። መተላለፊያው አንድ ሰው በጎኑ እያጋደለ የሚያልፍበት ሲሆን ግድግዳው ላይ ያሉት የጥምዝ ቅርጾች በቦርሳና በካሜራ ማሰሪያ የሚፋቁ ናቸው።

ከውጭ ማንሣት ይቻላል፤ እዚያ ላይ ግን ሌላ ጥያቄ ይመጣል። ኒውግሬንጅን በፎቶ የሚያውቅ ሁሉ የሚያስታውሰው ከፊት ያለውን ቀጥ ያለ ነጭ የኳርትዝ ግድግዳ ነው። ኳርትዙ ጥንታዊ ነው፤ ግድግዳው ግን በኦኬሊ ዘመን በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን እንደገና የቆመ ነው። ድንጋዮቹ በቁፋሮ የተገኙት መሬት ላይ ወድቀው ነው፤ እንዲህ ቀጥ ብለው ቆመው ነበር በሚለው የማይስማሙ ባለሙያዎች አሉ። ስቶንሄንጅም እንደዚሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ1901 የተጋደለ ድንጋይ ተቃንቷል፤ በ1797 የወደቀው ባለ ሦስት ድንጋይ ቅስት በ1958 ተነሥቷል። በዚያው አገር ባለው በኤቭበሪ የድንጋይ ክብ ደግሞ አሌክሳንደር ኪለር የተባለ ባለጸጋ በ1930ዎቹ የተቀበሩ ድንጋዮችን አውጥቶ መልሶ አቁሟል፤ ድንጋዩ የጠፋበትን ቦታ በሲሚንቶ ችካል አመልክቷል። መጠገን ስሕተት ነው አልልም። ፎቶው ሥር «5,000 ዓመት» ብሎ የሚጽፍ ሰው ግን የትኛው ክፍል የ5,000 ዓመት እንደሆነ መጠየቅ አለበት። አስጎብኚውን «የትኛው ተነሥቶ የቆመ ነው? የትኛው ከመጀመሪያው ሳይነካ አለ?» ብሎ መጠየቅ ፎቶውን ከማስታወሻነት ወደ መረጃነት ያሳድገዋል።

ስሙን ካነሣሁት ስለ ኤቭበሪ ጥቂት ልጨምር። ከስቶንሄንጅ ወደ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ ይገኛል። በዓለም ትልቁ የድንጋይ ክብ ነው፤ የክቡ ስፋት ከዳር እስከ ዳር 330 ሜትር ያህል ሲሆን የመንደሩ ከፊል ውስጡ ነው። በስቶንሄንጅ ጎብኚው እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ከድንጋዮቹ ርቆ በተከለለ መንገድ ይዞራል፤ ኤቭበሪ ግን በጎች በመካከሉ ይግጣሉ፣ ሰውም ድንጋዩን ተደግፎ ይቆማል። ችግሩ ስፋቱ ነው። በአንድ ፎቶ ውስጥ ክብ ሆኖ አይገባም። በሰፊ ሌንስ ቢሞክሩት ቅርቡ ድንጋይ ግዙፍ ይሆንና የወዲያኞቹ ጠጠር ይመስላሉ። እኔ የምመርጠው በረጅም ሌንስ ከሩቅ ቆሞ አራት አምስት ድንጋዮች ተከታትለው ሲጎብጡ ማንሣት ነው፤ ክቡን የተመልካቹ ዓይን ይቀጥለዋል። በመካከላቸው አንድ ሰው ሲያልፍ መጠበቅም ጥሩ ነው፤ ድንጋዩ የሰው እጥፍ መሆኑን ያለ ሰው ማስረዳት ያስቸግራል።

ክቡ ሙሉ ሆኖ የሚታየው ከሰማይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1906 ሌተናንት ፊሊፕ ሻርፕ የተባለ የእንግሊዝ ጦር መኮንን በገመድ ከታሰረ የጦር ፊኛ ላይ ሆኖ ስቶንሄንጅን አነሣ። በዚያ አገር ጥንታዊ ቦታ ከአየር ላይ ፎቶ ሲነሣ የመጀመሪያው ነው። በፎቶው ላይ የተጋደሉትን ድንጋዮች የደገፉት እንጨቶችና ቦታውን አቋርጠው የሚሄዱት የጋሪ መንገዶች ይታያሉ። እነዚያ መንገዶች ዛሬ የሉም፤ ምስክራቸው ያ ፎቶ ነው። ከ1906 በኋላ የመጣው ሁሉ የዚያ ተከታይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1925 ጊልበርት ኢንሶል የተባለ አብራሪ ከስቶንሄንጅ አጠገብ እርሻ ላይ የነጥብ ክቦች አይቶ የእንጨት ምሰሶ ክብ የነበረውን ዉድሄንጅን አስገኘ። በጁላይ 2018 ደግሞ አየርላንድን ድርቅ በመታበት ሰሞን አንተኒ መርፊና ኬን ዊልያምስ በኒውግሬንጅ አጠገብ ድሮን ሲያበሩ እርሻው ላይ ማንም የማያውቀው ግዙፍ ክብ ተገለጠላቸው። ምክንያቱ የአፈር ነው። ከጥንት የተቆፈረ ቦይ ወይም የምሰሶ ጉድጓድ ሲሞላ አፈሩ ጥልቅና እርጥብ ይሆናል። ድርቅ ሲመጣ በላዩ ያለው ሰብል አረንጓዴነቱን ይይዛል፤ ዙሪያው ቢጫ ይሆናል። ምድር ላይ ለቆመ ሰው ይህ የቀለም ልዩነት ብቻ ነው፤ ከላይ ላለ ግን ሥርዓት ያለው ክብ ነው። በእኛ አገር ድሮን ያለ ፈቃድ ማብረር አይቻልም፤ ስቶንሄንጅ ላይም ክልክል ነው። በአቅራቢያው ኮረብታ ካለ በእግር መውጣት ለብዙ ቦታ ይበቃል።

ፀሐይ ባትወጣስ? በደመና ቀን ቅርጹ አይታይም፤ የድንጋዩ ቀለም ግን እኩል ሆኖ ይወጣል፤ ስለዚህ ያን ቀን ለጠቅላላው ቦታ ያውሉት። ለቅርጹ ሰው ሠራሽ ብርሃን አለ። ፍላሹን ከካሜራው ነቅሎ ከጎን ማብራት፣ ወይም ሲመሽ ካሜራውን በሦስት እግር መቆሚያ ላይ አስቀምጦ ተራ ባትሪን ከድንጋዩ ጎን መያዝ። ረዳት ቢኖር መልካም ነው፤ አንዱ ባትሪውን ከግራ፣ ከቀኝ፣ ከላይ እያዞረ ሲያበራ ሌላው ከአንድ ቦታ ሳይነቃነቅ ያነሣል። ባለሙያዎች ዛሬ ይህንኑ በኮምፒውተር ያሳድጉታል፤ ከተለያየ አቅጣጫ የተበራውን አንድ ፊት አዋሕደው ብርሃኑን በስክሪን ላይ እንደፈለጉ ያዞሩታል። በስቶንሄንጅ የሌዘር ልኬት ተወስዶ እ.ኤ.አ. በ2012 ውጤቱ ሲወጣ 71 አዲስ የመጥረቢያ ቅርጾች ተገኙ፤ ቀድሞ ከሚታወቁት ጋር 115 ሆኑ። አብዛኞቹ እጅግ ከማለቃቸው የተነሣ በባዶ ዓይን የሚለዩ አይደሉም። ሌዘሩ የሠራው አትኪንሰን በሐምሌ ፀሐይ የሠራውን ነው፤ የማይታይ ከፍታን ወደሚታይ ጥላ መለወጥ።

ጥላ ለማምጣት ድንጋዩን መንካት አያስፈልግም። ይህን የምለው በአሮጌ ፎቶዎች ላይ በኖራ ጠመኔ የደመቁ ቅርጾች ስለሚያጋጥሙ ነው። የቀድሞ ተመራማሪዎች ራሳቸው ያደርጉት ነበር። ጠመኔው ሁለት ጉዳት አለው፤ ድንጋዩን ያበላሻል፣ ደግሞም ቀቢው አየሁ ያለውን መስመር በእውነተኛው ላይ ይጭናል፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣ ሰው የሚያየው የቀቢውን አሳብ ነው። ውኃ ማፍሰስ፣ ዘይት መቀባት፣ በቢላዋ መፋቅም እንዲሁ። ድንጋይ ላይ የሚበቅለው ግራጫና ቢጫ ሊከን እንደ ቆሻሻ ይታያል፤ ሕያው ነገር ነው፣ በጣም በዝግታ የሚያድግ። እሱን መፋቅ የድንጋዩን ቆዳ አብሮ መግፈፍ ነው። ኤቭበሪ አጠገብ ዌስት ኬኔት የሚባል ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3650 ገደማ የተሠራ ረጅም የመቃብር ጉብታ አለ። ቢያንስ የ36 ሰዎች አጽም ተገኝቶበታል፤ ክፍሎቹ ዛሬም ክፍት ናቸው፣ ማንም ይገባል። ሻማ የሚያበሩ ጎብኚዎች ጥላሸትና ሰም በድንጋዩ ላይ ይተዋሉ። በሻማ ብርሃን የተነሣ መቃብር ያምራል፤ እኔ ግን ጥላሸቱን ስለማውቅ እንዲህ ያለውን ፎቶ በደስታ ማየት አልቻልኩም።

እስካሁን ስለ ድንጋይ ተናገርኩ። ከሥሩ ሰው አለ። ይህ ነገር በፎቶ አንሺው አቋቋም ላይ መታየት አለበት። በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ወይም የመስጊድ መቃብር ላይ የማናደርገውን ጥያ ላይ ስናደርግ ይታያል፤ ትክሉ ላይ ተንጠልጥሎ ፎቶ መነሣት፣ የወደቀው ላይ ቆሞ መዝለል። የሟቾቹ ስም ስለጠፋ መቃብርነቱ አልጠፋም። አጽም በሚታይበት ቦታም እንዲሁ፤ የፎቶው ጥቅም ግልጽ ካልሆነ ባይነሣ ይሻላል፤ ከተነሣም ከመዝናኛ ጽሑፍ ጋር አይለጠፍ።

በጌዴኦ ጉዳዩ ይበልጥ ለስላሳ እጅ ይፈልጋል። እዚያ ያሉት ትክል ድንጋዮች እጅግ ብዙ ናቸው፤ ጨልባ ቱቱቲ የተባለው ቦታ ብቻውን ከ1,500 በላይ አለው። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣ የዋሽንግተን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ጥናት ሳካሮ ሶዶ በተባለው የጌዴኦ ቦታ ላይ ያሉት በመጀመሪያው መቶ ክፍለ ዘመን እንደቆሙ አሳይቷል፤ ቀድሞ ከሚገመተው አንድ ሺህ ዓመት ያህል ወደ ኋላ ማለት ነው። የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር በ2023 በዩኔስኮ ተመዝግቧል። ድንጋዮቹ ግን የቆሙት በሙዚየም ግቢ ብቻ አይደለም፤ በሰው እንሰትና ቡና መካከልም አሉ። ማሳው ባለቤት አለው። ድንጋዩ የዓለም ቅርስ መሆኑ በሰው ጓሮ ያለ ሰላምታ ለመግባት ፈቃድ አይሆንም። መጀመሪያ ደጅ ቆሞ ሰላም ብሎ መጠየቅ፣ ከቻሉ ከአካባቢው ሰው ጋር መሄድ፣ «አባባ፣ ይህን ድንጋይ ፎቶ ባነሣው ቅር ይልዎታል?» ማለት ያስፈልጋል። ብዙ ጊዜ ከፈቃዱ ጋር ታሪክም ይመጣል፤ አባታቸው ስለ ድንጋዩ ምን ይሉ እንደነበር፣ የትኛው በየትኛው ክረምት እንደወደቀ። ይህን ጨምሮ መጻፍ ነው።

ገና ያልታጠረና ጠባቂ የሌለው መቃብር ያገኘ ሰው ደግሞ ሌላ ጥንቃቄ አለበት። ስልኮች ፎቶው ውስጥ የቦታውን መለያ በራሳቸው ይጽፋሉ። ያ ፎቶ በፌስቡክ ወይም በቴሌግራም ሲለቀቅ ለወርቅ ቆፋሪ አድራሻ መስጠት ሊሆን ይችላል። የቦታ መለያውን ከስልኩ ማጥፋት አንድ ደቂቃ አይፈጅም። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት በአጋጣሚ ቅርስ ያገኘ ሰው ለሚመለከተው አካል ማሳወቅ አለበት፤ ቦታው በትክክል የተመለከተበት ፎቶ መድረስ ያለበት እዚያ ነው።

ለወረዳው የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት የሚሰጥ ፎቶ ውብ መሆን አይጠበቅበትም። ሁለት የፈረንሳይ ሰዎች፣ አባ አዛይስና ሮዤ ሻምባር፣ እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ በደቡብ ኢትዮጵያ ዞረው ያነሷቸው የትክል ድንጋይ ፎቶዎች በ1931 ታትመዋል። ዛሬ አንድ ድንጋይ መቼ እንደወደቀ ወይም መቼ እንደተሰበረ ለማወቅ የሚፈልግ ሰው እነዚያን ያገላብጣል። ስለዚህ ከቆንጆዎቹ ሌላ እያንዳንዱን ድንጋይ ከአራቱም ጎን ቀጥ ብለው ያንሡት። አጠገቡ ሜትር ወይም የታወቀ ርዝመት ያለው ዘንግ ያቁሙ፤ ድንጋዩን እንዳይነካ። የተቀረጸው ፊት ወደየት እንደዞረ፣ ቀኑንና ሰዓቱን፣ ፀሐይ በየት በኩል እንደነበረች ይጻፉ። ስልክ ይጠፋል፣ ሃርድ ዲስክም ይበላሻል፤ ሁለት ሦስቱን አሳትመው ከጀርባቸው በእርሳስ ይጻፉባቸውና አንድ ቅጂ ለጽሕፈት ቤቱ፣ አንድ ቅጂ ለማሳው ባለቤት ይስጡ።